ቅቤዋን የማትቀምስ ነጋዴ

ሾላ ገበያ ቅቤ ተራ ገብታችሁ «ያቺ ቅቤዋን የማትቀምሰው ነጋዴ የቷ ናት?» ብትሉ ሁሉም ወደ እኔ ይጠቁማችኋል። ዘሙሩድ የሚባል ስም እንዳለኝ የረሱት ይመስለኛል። ይጠቁሙ! ጣታቸው እስኪዝል ይጠቁሙ። እኔ እንደሆነ ለሰው አፍ ጆሮ ዳባ ልበስ ካልኩ ሦስት ወር ሊሞላኝ ነው።

ነገሩ ለማያውቅ ሰው ግራ ነውና ከሥሩ ልንገራችሁ። በእኛ ሱቅ አንድ ሕግ አለ፤ ሻጭ ይቀድማል። ሕጉን ያወጣችው እናቴ ዋርዳ ናት፤ አላህ ይዘንላት። ገዢ ሲመጣ ቅቤው የተጠቀለለበትን ኮባ ትገልጪያለሽ። በጣትሽ ጫፍ ትቆርሻለሽ። መጀመሪያ ራስሽ ትውጫለሽ፤ ከዚያ ለገዢው ታቀምሻለሽ። ቅቤው ውስጥ ሙዝ ለውሶ የሚሸጥ አለ፤ የማይረባ ቅባት የሚቀላቅል አለ፤ የሰው ነገር አያልቅም። ሻጯ ራሷ ስትውጠው ያየ ገዢ ግን ልቡ ያርፋል።

በጾም ጊዜማ ይብሳል። ክርስቲያን ደንበኞቻችን የበዓሉን ቅቤ የሚገዙት ገና ጾም ላይ እያሉ ነው፤ አንጥረው ማስቀመጥ አለባቸዋ። እነሱ መቅመስ አይችሉም። ስለዚህ ኮባው ላይ ጎንበስ ብለው ያሸቱና «ዘሙሩድ፣ ቅመሽልኝ» ይሉኛል። እኔ ሙስሊሟ እቀምስላቸዋለሁ፤ የእኔ ምላስ የእነሱ ምላስ ይሆናል። እናቴ ሠላሳ ዓመት ስትቀምስላቸው ኖረች። እኔ ሃያ ዓመት ቀመስኩ። ሰው የሚገዛው ቅቤውን ብቻ ሳይሆን የእኛን ምላስም ነበር።

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ድካምና ውኃ ጥም አላስቆም አላስቀምጥ ሲለኝ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ ልጄን የሚያክል ልጅ ነው። ሚዛን ላይ አቆመኝ፤ ዘጠና ስምንት። ደሜን አስመረመረ፤ ወረቀቱን ሲያይ ቆየና «እናትዎ ወይም አባትዎ ስኳር ነበረባቸው?» አለኝ።

«እናቴ። ቀኝ እግሯን ቆርጠውላት ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት አልቆየችም።»

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። «ስኳሩ እርስዎንም ደጅዎ ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነው፤ ገና አልገባም። ሦስት ወር ልስጥዎ። አሥራ ሁለት ኪሎ ይቀንሱ። ፕሮቲን ከፍ፣ ስብ ዝቅ። ቅቤ፣ ጮማ፣ ጥብስ፣ በቃ። አይብ፣ የእንቁላል ነጭ፣ ዓሣ፣ ቀይ ሥጋ፣ ምስር ይብሉ። በእግርዎ ይሂዱ። አለበለዚያ የሚቀጥለው ኪኒን ነው፤ ከዚያ መርፌ ነው።» ይህን ሁሉ እየጻፈ «ሥራዎ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ቅቤ ነጋዴ ነኝ።»

እስክሪብቶው ቆመ። ሊስቅ ፈልጎ ተወው፤ ቢስቅ ኖሮ ነብር አየኝ ይል ነበር።

ማታ ወሰን ሰፈር ቤታችን ገብቼ ወረቀቱን ለልጄ ለሳሊሀ ሰጠኋት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ኮሌጅ ትማራለች፤ ክፍል በሌላት ቀን ሱቅ ታግዘኛለች። ስልኳ ላይ የማትጠይቀው ነገር የለም። በማግስቱ ሱቅ መጥታ አንድ ባዶ ብርጭቆ አጠገቤ አስቀመጠች። «እማ፣ ዛሬ በቀመስሽ ቁጥር ያንኑ የሚያክል እዚህ ውስጥ ጨምሪ» አለችኝ። እኔም ጨመርኩ። ሱቅ ስንዘጋ ብርጭቆው ከግማሽ አልፎ ነበር። ያውም በዓል ያልሆነ፣ ተራ ማክሰኞ ነው። ብርጭቆውን እያየሁ እንባዬ መጣ። ሃያ ዓመት ሙሉ «እኔ እኮ ብዙም አልበላም፤ ምን እንደሚያወፍረኝ እንጃ» እል የነበርኩት እኔ ነኝ።

እዚያው ሱቅ ውስጥ ከመደርደሪያው ሥር አንድ የጨርቅ ከረጢት አለ። ውስጡ የእናቴ የቀኝ እግር ጫማ ነው። ለዒድ ብላ የገዛችው ጥቁር ቆዳ ጫማ ነበር፤ ዒዱ ሳይደርስ እግሯ ተቆረጠ። ግራውን አደረገችው፤ እሱን ተጫምታ ኖረች። ቀኙን መጣል አልቻልኩም። ያን ቀን ከረጢቱን ሳልከፍት በእጄ ዳሰስኩትና «በቃ» አልኩ። ከነገ ጀምሮ አልቀምስም።

የመጀመሪያው ጦርነት ቤቴ ውስጥ ተነሣ። ባሌ ያሲር ከወሰን መገናኛ ሚኒባስ ይነዳል። ደግ ሰው ነው፤ ፍቅሩ ግን በሙሉ በጉርሻ ነው የሚወጣው። በቅቤ የራሰ ጥብስ ጠቅልሎ ወደ አፌ ሲያመጣ እጁን ያዝኩት።

«ጉርሻዬን መለስሽ?»

«ጉርሻህን አይደለም፤ ቅቤውን ነው።»

«ሃያ ሁለት ዓመት አጉርሼሻለሁ፤ አንድ ቀን መልሰሽ አታውቂም! እኔ ላይ ምን አይተሽ ነው?»

«ኧረ አቦ ተወኝ! ስኳር ነው ያየሁት!»

ሦስት ቀን አኮረፈኝ። ከዚያ ተራ ላይ ያሉት ሾፌሮች «ምነው ሚስትህ ከሳች፤ አታበላትም እንዴ?» እያሉ ያቃጥሉት ጀመር። ቤት ሲመጣ እሱ በተራው እኔን ያቃጥለኛል። «ሰው ምን ይለኛል?» ይላል። «ይበልሃ!» እላለሁ። ጎረቤቶቼም አልቀሩ። ድሮ «ተመችቶሻል፣ ማሻአላህ» ይሉኝ የነበሩት አሁን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ደህና ነሽ ግን?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ምን ሆኜ!» እላቸዋለሁ።

ምን ትበያለሽ ብትሉኝ፣ የምበላው ነገር ሱቄ ውስጥ ተቀምጦ ሲያየኝ ኖሯል። ከሸኖ ቅቤ የሚያመጡልኝ ሴቶች አይብም ያመጣሉ። ወተቱ ተንጦ ቅቤው ሲወጣ የሚቀረው አሬራ ነው፤ አሬራው ሲሞቅ አይብ ይሆናል። ያን አይብ በትርፍነት እንጂ እንደ ዋና ዕቃ ቆጥሬው አላውቅም። ሳሊሀ ስልኳን እያየች «እማ፣ ይሄ እኮ ንጹህ ፕሮቲን ነው! ፋቱን አንቺ ሸጠሽዋል!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ወዲህ ጠዋት አይብና ሁለት የእንቁላል ነጭ፣ ምሳ ያለ ዘይት የተሠራ ምስር፣ ማታ ስቡ የወጣለት ሥጋ ወይ ዓሣ ሆነ። አሬራም ያመጡልኛል፤ በትልቅ ብርጭቆ እጠጣዋለሁ። አስኳሉን መጀመሪያ ያሲር ይበላልኝ ነበር፤ ወዲያው ቀበቶው አንድ ቀዳዳ ሲለቅ አየሁና እሱንም ከለከልኩት።

ይጣፍጣል እንዴ? አይጣፍጥም! ምን ልዋሻችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሽሮ ያለ ቅቤ ስበላ እንባዬ ይመጣ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቅቤ ሲሸተኝ ውዬ ማታ ነጭ እንቁላል ፊት ስቀመጥ የማላውቀውን ሰው ሁሉ እሰድብ ነበር። ግን እልህ ይዞኛል። እልህ ከያዘኝ ደግሞ እኔን የሚመልሰኝ የለም።

እሁድ እሁድ ጠዋት ከሳሊሀ ጋር ከፈረንሳይ ሰፈር ወደ እንጦጦ በሚያስወጣው አቀበት እንሄዳለን። በመጀመሪያው ቀን ባሕር ዛፉ ሳይጀምር ትንፋሼ አለቀ። አንድ ድንጋይ ላይ ተደፍቼ ስተነፍስ ማገዶ የተሸከሙ ሴቶች ከላይ እየወረዱ በአጠገቤ አለፉ። አንዷ ከሸክሟ ሥር አየችኝና «እትዬ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለችኝ። ሳሊሀ «ውፍረት ልትቀንስ ነው» አለች። ሴትዮዋ «ታዲያ ሸክሙን ይቀበሉኛ!» ብላ ሳትቆም ወረደች። ተናደድኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን እውነቷን ነው፤ አፍሬ ተነሣሁ።

ትንሽ እንደሄድን ከኋላዬ «ልጄ፣ ወይ ሂጂ ወይ አሳልፊኝ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል እማማ ለተጊዮርጊስ ናቸው። ሰባ አምስት ዓመት አልፏቸዋል፤ ከተራራው ላይ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ይኖራሉ፤ ከእናቴ ጊዜ ጀምሮ ደንበኛችን ናቸው። በአንድ እጃቸው ዘንቢል፣ በአንድ እጃቸው ከዘራ ይዘው እንደ ፍየል ይወጣሉ።

«የዋርዳ ልጅ አይደለሽም እንዴ? እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ልከሳ ነው እማማ።»

ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ሳቁ። «ወይ ጉድ! እኛ ልጆቻችን እንዲወፍሩ ስለት ስንሳል፣ እናንተ ለመክሳት ተራራ ትወጣላችሁ!» ከሳቃቸው ሲመለሱ ፊቴን አዩት። «በይ ቀስ በይ። አቀበት በችኮላ አይሆንም» አሉኝና ጥለውኝ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ እንገናኛለን። በየሳምንቱ ትንሽ ራቅ ካለ ቦታ ላይ ነው የሚቀድሙኝ።

ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በፊት እህል ተራ ሄጄ ሙአዊያ ጤፍ የሚመዝንበት ባስኩላ ላይ እቆማለሁ። ሙአዊያ ድምፁን መቀነስ አያውቅም። መጀመሪያ የወጣሁ ቀን «ዘጠና ስምንት! ኩንታል ሊሞላ ሁለት ኪሎ!» ብሎ ለገበያው ሁሉ አሰማ። ተሸካሚዎቹ ሳቁ። «ሳቁ!» አልኳቸው፤ «በየሳምንቱ እመጣለሁ፣ አብራችሁ ትቆጥራላችሁ።» እውነትም ቆጠሩ። ዘጠና አምስት ተኩል ሲል አጨበጨቡ። ዘጠና ሁለት ሲል አንዱ «ጤፉ ነቀዘ እንዴ?» አለ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ እንዳልል ሐኪሙ ከልክሎኛል እንጂ፣ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ችግሩ ቅቤ ተራ ነው። ኮባውን ገልጬ ለገዢው ብቻ አቀምሳለሁ፤ እኔ አልቀምስም። የመጀመሪያዋ ገዢ ጣቷን ዘርግታ እኔን ጠበቀች። «ቅደሚኛ» አለችኝ። «እኔ ሐኪም ከልክሎኛል» አልኳት። ጣቷን መልሳ ኮባውን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «እንዲያ ነው?» ብላ ሄደች።

ከእኔ ሱቅ ትይዩ ሙዘይን አለ። አሥራ አምስት ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠን ስንቀላለድ የኖርን ሰው ነው። ክፉ አይደለም፤ ነጋዴ ነው። ሴትዮዋ ወደ እሱ ስትሻገር ባየ ጊዜ በአውራ ጣቱ የሚያክል ቅቤ ቆርሶ አፉ ውስጥ ከተተና «እዚህ ኑ! እዚህ ባለቤቱ ይበላል!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቺ ዜማው ሆነች። ከሱቁ ሰው ሲቀንስ «ዘሙሩድ፣ ቅቤሽ ውስጥ የምታውቂው ነገር ምንድን ነው?» እያለ ይተርበኛል። ቀልዱ ለእሱ ነው፤ ገዢው ግን እውነት ብሎ ይዞት ይሄዳል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግማሹ ተራ ቅቤዬ ውስጥ ሙዝ አለ ይላል፤ ግማሹ እኔ የማይነገር በሽታ እንዳለብኝ ያወራል።

«ቅመሽና ትፊዋ!» አለኝ ሙዘይን አንድ ቀን፤ እሱም አዝኖልኝ መሆን አለበት።

«ገዢ ፊት የራሴን ቅቤ ልትፋ? ከዚያ በኋላ ማን ሊገዛኝ ነው!»

ሙስሊም ደንበኞቼ ቢያንስ ራሳቸው ይቀምሳሉ። የነቢያት ጾም ሲገባ ግን ክርስቲያኖቹ እየመጡ «ቅመሽልኝ» ሲሉኝ «አልችልም» አልኳቸው። አንድ በአንድ ወደ ሙዘይን ተሻገሩ። ማታ ለያሲር ስነግረው ትንሽ አሰበና «ሳሊሀ ለምን አትቀምስልሽም? ወጣት ናት፣ ምን ትሆናለች» አለኝ። ዝም አልኩት። ወላሂ፣ እምቢ አላልኩም፤ ዝም ነው ያልኩት። ያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ገና አራት ቀን ሲቀረው እማማ ለተጊዮርጊስ ሱቄ መጡ። ለሰንበቴያቸው ማኅበር ሃያ ኪሎ ለጋ ቅቤ ሊገዙ ነው። እሳቸው ብቻ እንዳይመስሏችሁ፤ እሳቸው ከገዙበት ሱቅ ነው የእንጦጦ ሴት ሁሉ የሚገዛው። የሸኖዎቹ ያመጡልኝ ቅቤ ሱቄን ሞልቶታል። ዛሬ እሳቸው ወደ ሙዘይን ከተሻገሩ የቅቤ ሥራዬ አበቃ ማለት ነው፤ እሱን አውቄዋለሁ። ሳሊሀም አጠገቤ ቆማ ስለነበር እሷም አውቃዋለች።

እማማ ኮባው ላይ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። «ሽታው ደግ ነው። በይ ቅመሽልኝ።»

«እማማ፣ እኔ መቅመስ ትቻለሁ።»

«ሰምቻለሁ። ለሌላው ነው እንጂ ለእኔም ነው እንዴ?»

«ለማንም።»

ቀና አሉ። «እኔኮ የራሴን አይደለም የምገዛው። የአርባ ሰው አደራ ነው የያዝኩት። ጾም ላይ ነኝ፣ አልቀምስ ነገር። አንቺም አትቀምሽ። ታዲያ ምኑን አምኜ ልውሰድ?» አላናደዱኝም፤ እውነታቸውን ነው። ከወዲያ ማዶ ሙዘይን ቅቤውን ቆርሶ ይዞ «እማማ፣ እኔ አለሁልዎ!» አለ። እሳቸው ወደ እሱ ዞር አሉ። ከዘራቸው ወደ እሱ በኩል አንድ እርምጃ ተነሣ።

ያኔ ሳሊሀ «ቆይ እማማ፣ እኔ ልቅመስልዎ!» አለች። እጇን ዘርግታ በጣቷ ጫፍ ቆረሰች። አቆራረሷ የእኔ ነው። የእኔ ብቻ አይደለም፤ ሌባ ጣቷን አጠፍ አድርጋ፣ ራሷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ፣ ቁርጥ እናቴ ዋርዳ! ማንም አላስተማራትም፤ ስታየን ነው ያደገችው። ጣቷ አፏ ጋ ሊደርስ ሲል እጇን በጥፊ መታሁት። ቅቤው በርሮ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

ተራው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ልጄን መትቻት አላውቅም። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ምነው! ምነው!» አሉ እማማ። «ልጅቷ ምን አጠፋች? በቅቤ ነው ልጅ የሚመታው?»

«አዎ በቅቤ!» አልኳቸው። እኔም እያለቀስኩ ነበር፤ ከንዴት ይሁን ከምን እንጃ። «አትቀምስም! እኔም አልቀምስም፣ እሷም አትቀምስም። ሱቁ ይዘጋ፣ ቅቤው ይበላሽ፣ ሰው የፈለገውን ያውራ! ልጄ ግን አትቀምስም!» ጎንበስ ብዬ ከመደርደሪያው ሥር ከረጢቱን ጎተትኩና ጫማውን አውጥቼ በርጩማው ላይ አስቀመጥኩት። «ይህን ያውቁታል?»

አነሡት። ገለበጡት። ሶሉ ላይ አንድ ጭረት የለበትም።

«የዋርዳ ነው» አሉ።

«የዋርዳ ነው። አንድ ቀን እንኳ አላደረገችውም።»

እማማ በርጩማው ላይ ተቀመጡ፤ ጫማው እጃቸው ላይ ነው። ሲናገሩ ድምፃቸው የሌላ ሰው መሰለኝ። «የገናውን ጾም እመጣለሁ፤ ቅመሽልኝ እላታለሁ። ዐቢዩን ጾም እመጣለሁ። የሐዋርያቱን፣ የፍልሰታውን እመጣለሁ። ይቺን ብቻ፣ ያቺን ደግሞ፣ ከዚያኛውም ቅመሽልኝ እላታለሁ። አንድ ቀን እምቢ አላለችኝም።» ጫማውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፤ አቧራ ግን አልነበረበትም። «ሠላሳ ዓመት እኔ እየጾምኩ እሷን ሳበላት ኖሬያለሁ።»

ሳሊሀ የተመታ እጇን እንደያዘች አጠገባቸው ቁጭ አለች። ሙዘይን እንኳ ዜማውን አላነሣም።

እማማ ዓይናቸውን ጠረጉ። «በይ መዝኚ። ሃያውንም። ምንም አልቀምስ፣ ምንም አልጠይቅ።»

እሺ ማለት ነበረብኝ። ማንም ጤነኛ ነጋዴ እሺ ይል ነበር። ግን አልወጣልኝም። «አይሆንም» አልኳቸው።

«ምን?»

«አዝነውልኝ አይገዙኝም። የእናቴን እግር ሸጬ ቅቤ አላሻሽጥም። የአርባ ሰው አደራ ነው ብለዋል አይደል? አይተው ነው የሚወስዱት።»

ሻይ የምናፈላባትን ትንሿን ምድጃ ጎትቼ ለኮስኩ። በራሳቸው እጅ፣ እሳቸው ከመረጡት ኮባ፣ ከመካከሉ ቆርሰው እንዲሰጡኝ አደረግሁ። በትንሿ ብረት ድስት አቅልጬ ያንኑ የሳሊሀን ብርጭቆ በጨርቅ ይዤ ገለበጥኩበት፤ ያንን ግማሽ ሆኖ ያስለቀሰኝን ብርጭቆ። «ሙዝ ከሆነ ከሥር ይዘቅጣል፤ ሌላ ቅባት ከሆነ ሽታው ይናገራል። ማሽተት ጾም አያስፈታም» አልኳቸው። ወደ ብርሃን አነሡት። እንደ ማር ጠራ፤ ከሥር ጥቂት የአሬራ ነጭ ብቻ ረጋ። አሸተቱት። ሳሊሀም፣ ከጎን የቆሙት ሁለት ሴቶችም አሸተቱት።

«የሌሎቹስ ሲቀልጥ እንዴት ነው?» አለች አንደኛዋ።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩ ጮክ ብዬ። «እነሱ ይቀምሱላችኋል!»

ሴቶቹ ሳቁ። ሙዘይንም ራሱን እየነቀነቀ ሳቀ፤ አፉ ውስጥ የከተተውን ቅቤ ለመዋጥ ሲታገል አየሁት። ቆይቶ ሆዱን ዳሰሰና «ዘሙሩድ፣ ያ ሐኪምሽ የት ነው ያልሽኝ?» አለኝ። መቀለዱ ነበር፤ ግን ፊቱ ላይ ቀልዱ አልታየኝም።

ሃያውን ኪሎ መዘንኩ። እማማ ተሸካሚ አስጠርተው አስጫኑ፤ ጫማውን ራሳቸው ከረጢቱ ውስጥ መልሰው አፉን ቋጠሩልኝ። ሊሄዱ ሲሉ ከዘራቸውን ወደ እኔ ቀሰሩና «ስንት ቀነስሽ?» አሉኝ።

«ዘጠኝ። ሦስት ይቀረኛል።»

«እሁድ ከዳገቱ ላይ እንዳላጣሽ።»

«አያጡኝም። እንዲያውም ዘንድሮ ሳልቀድምዎ አልቀርም።»

«ህልም እንዳትሆንብሽ!» ብለው ሄዱ።

ሱቁ ውስጥ እኔና ሳሊሀ ቀረን። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ቅቤ በጨርቅ እየጠረገች ነበር፤ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ይቅርታ ልላት ፈለግሁ፤ አፌ ግን እሺ አላለኝም። ጨርቁን አጥፋ ስታስቀምጥ ዞር አለችና የቀላውን እጇን አሳየችኝ።

«አሳመምሽኝ እኮ እማ።»

እጇን ተቀብዬ በሁለት እጄ ያዝኩት። ጣቷ ጫፍ ላይ ትንሽ ቅቤ ቀርታ ነበር፤ በቀሚሴ ጠረግኩላት።

«ይመምሽ» አልኳት። «እግርሽን ከሚያምሽ እጅሽን ይመምሽ።»